መጓጓዣ በቬኔዝያ

ቬኔዝያ (በብዙዎች አጠራር ቬኒስ) በሰሜን ምሥራቅ ጣልያን፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ጥንታዊው ከተማ ከ100 በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ደሴቶቹን ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ያያይዟቸዋል። በዚህ ክፍል መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት አይሄድም፤ ሰውም ዕቃም የሚንቀሳቀሰው በእግር ወይም በጀልባ ነው። አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ ፖሊስና እሳት አደጋ በጀልባ ይደርሳሉ፤ ቆሻሻ በጀልባ ይነሣል፤ የሱቅ ሸቀጥ በጀልባ ይራገፋል፤ አስከሬንም ሳን ሚኬሌ ወደሚባለው የመቃብር ደሴት በጀልባ ይሄዳል።

ከተማዋ መኪና የሌላት ከጊዜ በኋላ በአዋጅ ስለተከለከለ ሳይሆን፣ ስትሠራ ዋናው መንገዷ ውሃው ስለነበረ ነው። የትልልቅ ቤቶች የክብር በር ወደ ቦዩ የሚከፈተው፣ የእግር መንገዱ ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ መጣጥፍ ጎብኚ ወደ ከተማዋ እንዴት እንደሚገባና በውስጧ እንዴት እንደሚዘዋወር ይገልጻል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከየብስ ጋር ያለው ግንኙነት

ከተማዋ የምትገኘው ላጉና በሚባል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ላጉናውን ከባሕሩ የሚለዩት ረጃጅምና ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ናቸው። እስከ 1846 ድረስ ማንኛውም ሰው ወደ ቬኔዝያ የሚገባው በጀልባ ብቻ ነበር። በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ለከተማዋ ገዢ ስጦታ የሚሆኑ ነብሮችን ይዘው ሲመጡ የመጨረሻውን ጉዞ ያደረጉት፣ ከነነብሮቻቸው፣ በውሃ ላይ ነው።

በ1846፣ ከተማዋ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ላጉናውን የሚያቋርጥ የባቡር ድልድይ ተከፈተ። በ1933 ደግሞ ከጎኑ የመኪና ድልድይ ተጨመረ፤ ይህም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «የነፃነት ድልድይ» የሚል ስም አገኘ። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የመኪናው መንገድ የሚያበቃው ፒያሳሌ ሮማ በሚባል አደባባይ ላይ ነው። አውቶቡስ፣ ታክሲና የቤት መኪና ከዚህ ወዲያ አያልፉም።

ወደ ከተማዋ መግባት

በባቡር። ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ጣቢያዎች ስላሉ ግን ትኬት ሲገዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቬኔዝያ መስትሬ የሚባለው በየብስ ላይ ባለው በመስትሬ ከተማ ውስጥ ነው፤ ቬኔዝያ ሳንታ ሉቺያ የሚባለው ግን በደሴቶቹ ላይ ነው። በስሙ ተሳስቶ መስትሬ ላይ የወረደ ሰው ቦይም ጎንዶላም ሳያይ ሊደናገር ይችላል፤ መፍትሔው ሌላ ባቡር ይዞ 10 ደቂቃ ያህል መጓዝ ብቻ ነው። የሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ስሙን የወሰደው ለጣቢያው ቦታ ሲባል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረሰው የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጣቢያው በር የወጣ ሰው ደረጃውን እንደወረደ ከታላቁ ቦይ ዳር ይቆማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮማና ወደ ሚላኖ ስለሚበር፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ተጓዥ ከእነዚህ በአንዱ አርፎ በፈጣን ባቡር መቀጠል ይችላል። ከሚላኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሮማ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

በአውሮፕላን። ማርኮ ፖሎ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ሰሜን በየብስ ላይ ይገኛል። ከዚያ አውቶቡስ በ20 ደቂቃ ያህል ፒያሳሌ ሮማ ያደርሳል። አሊላጉና የተባለው ድርጅት ጀልባዎች ላጉናውን አቋርጠው ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አካባቢ ይወስዳሉ፤ ጉዞው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የግል የውሃ ታክሲ ፈጣን ቢሆንም ዋጋው ከ100 ዩሮ በላይ ነው። በርካሽ አየር መንገድ የሚመጡ ብዙዎች የሚያርፉት ትሬቪዞ በሚባለው ሌላ ከተማ ስለሆነ፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ መያዝ አለባቸው።

በመኪና። መኪናውን ፒያሳሌ ሮማ ካሉት ባለ ፎቅ ማቆሚያዎች በአንዱ፣ ወይም ትሮንኬቶ በተባለችው ሰው ሠራሽ ደሴት፣ ወይም ረከስ እንዲል መስትሬ ላይ ማቆም ግድ ነው። ትሮንኬቶንና ፒያሳሌ ሮማን በ2010 የተከፈተ በገመድ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ያገናኛቸዋል። ከመስትሬ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ትራም ይመጣል።

ቫፖሬቶ

የከተማዋ አውቶቡስ ቫፖሬቶ የሚባለው ጀልባ ነው። ስሙ «ትንሽ የእንፋሎት መርከብ» ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በታላቁ ቦይ ላይ ሥራ የጀመረው በ1881 ነው። ጎንዶላ ቀዛፊዎች እንጀራችንን ሊወስድብን ነው ብለው በዚያን ጊዜ ሥራ አቁመው ነበር። ዛሬ እንፋሎቱ ቀርቷል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ጎብኚ መጀመሪያ የሚያውቀው 1 ቁጥርን ነው። ይህ መስመር ከፒያሳሌ ሮማ ተነሥቶ ታላቁን ቦይ እየተከተለ፣ በየማቆሚያው እየቆመ፣ በቅዱስ ማርቆስ በኩል ሊዶ ደሴት ድረስ ይሄዳል። 2 ቁጥር ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚቆም ይፈጥናል። 4.1 እና 4.2 እንዲሁም 5.1 እና 5.2 ከተማዋን ይዞራሉ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ አቅጣጫን ያመለክታል፤ 1 በአንድ በኩል ከዞረ 2 በተቃራኒው ይዞራል። 12 ቁጥር ፎንዳሜንቴ ኖቬ ከሚባለው የሰሜን ዳርቻ ወደ ሙራኖ፣ ቡራኖና ቶርቼሎ ደሴቶች የሚወስድ ነው። በትልልቅ ማቆሚያዎች ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ ተንሳፋፊ መድረክ ስላለ፣ የመስመሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመጨረሻ መድረሻውንም ማንበብ ይገባል።

በ2024 የአንድ ጊዜ ትኬት 9.50 ዩሮ ሲሆን ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ የ24 ሰዓቱ 25 ዩሮ ነበር። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሳፈር ሰው የቀን ትኬት ቢገዛ ይሻለዋል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሮሊንግ ቬኒስ የሚባለውን ካርድ ገዝተው የ72 ሰዓቱን ትኬት በቅናሽ ማግኘት ይችላሉ፤ ለተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትኬቱ በማቆሚያው መግቢያ ባለው ማሽን ላይ ካልተነካ ግን እንዳልተከፈለ ተቆጥሮ ያስቀጣል። የአሊላጉና ጀልባዎች በዚህ ትኬት አያሳፍሩም።

ሊዶ ለብቻው የሚነሣ ነው። በዚህ ረጅም ደሴት ላይ መኪናና አውቶቡስ እንደማንኛውም ከተማ ይሄዳሉ፤ መኪኖቹም ከትሮንኬቶ በ17 ቁጥር ጀልባ ተጭነው ይሻገራሉ።

ጎንዶላና ትራጌቶ

ጎንዶላ 11 ሜትር ያህል የሚረዝም ጥቁር የመቅዘፊያ ጀልባ ነው። ግራ ጎኑ ከቀኙ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቀዛፊው በአንድ መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ብቻ ሲቀዝፍ ጀልባው ወደ ግራ እንዳይዞር የሚያደርገው ይህ ጠማማነቱ ነው። ዛሬ ጎንዶላ የመዝናኛ እንጂ የመጓጓዣ ጀልባ አይደለም። ከኅዳር 2023 ጀምሮ በደንብ የተወሰነው ዋጋ በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው። ክፍያው ለጀልባው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ስላልሆነ ተሳፋሪዎች ይካፈሉታል።

ትራጌቶ የሚባለው ግን እውነተኛ መጓጓዣ ነው። ታላቁ ቦይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም ድልድዮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ እስከ 1854 ድረስማ ከ1588 እስከ 1591 የተሠራው የሪያልቶ የድንጋይ ድልድይ ብቻ ነበረ። ስለዚህ በድልድዮቹ መካከል ሁለት ቀዛፊዎች በትልቅ ጎንዶላ ሰው ያሻግራሉ። ጎብኚ 2 ዩሮ ይከፍላል፤ ጉዞው ሁለት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ገንዘብ ለሚቆጥብና ጎንዶላ መሳፈር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

በእግር መሄድና አድራሻ ማግኘት

በከተማዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ እግር ከጀልባ ይፈጥናል። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በ1 ቁጥር ጀልባ ግን ከዚያ ይረዝማል። በየግድግዳው ያሉ ቢጫ ምልክቶች ወደ ሪያልቶ፣ ወደ ቅዱስ ማርቆስና ወደ ባቡር ጣቢያው ይመራሉ። ከእነዚህ መስመሮች የወጣ ሰው መጥፋቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ መተላለፊያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ውሃ ላይ ያበቃል።

የአድራሻው ሥርዓት ከሌሎች ከተሞች ይለያል። ቬኔዝያ ካናሬጆ፣ ካስቴሎ፣ ሳን ማርኮ፣ ዶርሶዱሮ፣ ሳን ፖሎና ሳንታ ክሮቼ በሚባሉ ስድስት ክፍለ ከተሞች ትከፈላለች። የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በክፍለ ከተማ ስለሆነ፣ በካስቴሎ ውስጥ ቁጥሩ ከ6,000 በላይ ይደርሳል፤ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቤቶችም በመቶዎች የሚራራቅ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። የመንገድ ስም ቢጠየቅም ብዙ አይረዳም፤ «የዳቦ መጋገሪያ መንገድ» ማለት የሆነው ካሌ ዴል ፎርኖ በተለያዩ ሰፈሮች ይደጋገማልና። ማደሪያ የያዘ ሰው የክፍለ ከተማውን ስም፣ ቁጥሩንና ቅርብ ያለውን የጀልባ ማቆሚያ አንድ ላይ ጽፎ ቢይዝ ይበጀዋል።

የመንገድ ስሞች በኖራ በተቀባ ነጭ መደብ ላይ ይጻፋሉ፤ የአገሩ ሰው መደቡን «ትንሽ አንሶላ» ይለዋል። ካሌ ጠባብ መንገድ፣ ፎንዳሜንታ የቦይ ዳር መንገድ፣ ሪዮ ትንሽ ቦይ፣ ሪዮ ቴራ ደግሞ በአፈር ተሞልቶ መንገድ የሆነ ቦይ ነው። አደባባይ ካምፖ ይባላል፤ ትርጉሙ መስክ ነው። ፒያሳ ተብሎ የሚጠራው የቅዱስ ማርቆስ ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ፒያሳም ስሙን ያገኘው ከዚሁ የጣልኛ ቃል ነው።

ብስክሌት መንዳት ቀርቶ በእጅ እየገፉ መሄድም የተከለከለ ነው። በቦዮቹ ውስጥ መዋኘትም ያስቀጣል።

ደረጃዎች

አብዛኞቹ ድልድዮች ጀልባ ከሥራቸው እንዲያልፍ ቅስት ሆነው የተሠሩ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ደረጃ አላቸው። ከባድ ሻንጣ የያዘ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መንገዱን በርቀት ሳይሆን በድልድይ ብዛት መቁጠር አለበት። ዕቃ አመላላሾች የሚጠቀሙበት ጋሪ ከፊቱ ደረጃ ለመውጣት የሚረዱ ተጨማሪ ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ለተሽከርካሪ ወንበር ከሁሉ የሚሻለው ቫፖሬቶ ነው፤ ማደሪያንም ከማቆሚያው ድልድይ ሳይሻገሩ በሚደረስበት ቦታ መያዝ ያዋጣል።

በዚህ ረገድ ብዙ ያነጋገረው በ2008 የተከፈተው አራተኛው የታላቁ ቦይ ድልድይ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ይህ ድልድይ ፒያሳሌ ሮማን ከባቡር ጣቢያው ጋር ያገናኛል፤ ማለትም ሻንጣ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ሆኖም በደረጃና በመስታወት ወለል ተሠራ፤ መስታወቱ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ለአካል ጉዳተኞች በኋላ የተጨመረው በድልድዩ ጎን የሚሄድ ሳጥን መሰል አሳንሰር ሳይሳካ ቀርቶ በ2020 ተነሣ።

የውሃ ሙላትና ጉድለት

በተለይ በመጸውና በክረምት የባሕሩ ውሃ ከፍ ሲል ዝቅተኛ ቦታዎች ይጥለቀለቃሉ። ከሁሉ የከፋው በኅዳር 4 ቀን 1966 የደረሰው 194 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በኅዳር 12 ቀን 2019 ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ከጥቅምት 2020 ወዲህ ሞዜ የተባሉት 78 ተንቀሳቃሽ የባሕር መዝጊያዎች ከፍተኛ ሙላት ሲጠበቅ ይነሣሉ። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ግን ከሌላው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ መዝጊያዎቹ በማይነሡበት መጠነኛ ሙላትም ሊረጥብ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚሄድበት የእንጨት መረማመጃ ይዘረጋል። ውሃው ከፍ ሲል ጀልባዎች ከአንዳንድ ድልድዮች ሥር ማለፍ ስለማይችሉ የቫፖሬቶ መስመሮችም ይለወጣሉ።

ጉድለቱም ችግር ነው። በየካቲት 2023 ትንንሽ ቦዮች ጭቃ ብቻ ቀርቷቸው ጎንዶላዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ታይተዋል። ለጎብኚ ይህ ፎቶ የሚያነሣው ነገር ነው፤ አምቡላንስ ለሚጠብቅ ታማሚ ግን ጀልባው ከበሩ መድረስ አልቻለም ማለት ነው።

ነዋሪና ጎብኚ በአንድ ጀልባ

በጥንታዊው ከተማ በ1951 ወደ 175,000 ገደማ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። የቀሩት ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ኦስፔዳሌ በሚባለው ማቆሚያ ወርደውም ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት ጎብኚው በሚሳፈርበት ቫፖሬቶ ነው። ነዋሪ በካርዱ የሚከፍለው ከጎብኚ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በሻንጣ በተሞላ ጀልባ ቦታ አጥቶ ማቆሚያው ላይ መቅረቱ የዘወትር ቅሬታ ነው። ከታላቁ ቦይ ውጭ በእግር የሚሄድ፣ ሲሳፈርም ትልቅ ቦርሳውን ከጀርባው አውርዶ የሚይዝ ጎብኚ ይህን ጭነት ያቃልላል።

ሌላው ጉዳት ማዕበል ነው። የሞተር ጀልባዎች የሚያስነሡት ማዕበል የቤቶቹን መሠረት ስለሚሸረሽር ፍጥነታቸው የተወሰነ ነው፤ በጠባብ ቦዮች በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቀድም። ከነሐሴ 1 ቀን 2021 ጀምሮም ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ ፊት እንዳያልፉ ተከልክሏል።

ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ሳያድር የሚመለስ ጎብኚ ሰው በሚበዛባቸው የተመረጡ ቀኖች የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት ክፍያው 5 ዩሮ፣ ቀኖቹም 29 ነበሩ። በ2025 ቀኖቹ ወደ 54 ከፍ ብለው፣ አስቀድሞ ላልተመዘገበ ሰው ክፍያው 10 ዩሮ ሆነ። በከተማዋ ውስጥ የሚያድር ሰው ክፍያው ባይመለከተውም፣ በእነዚህ ቀኖች በኢንተርኔት ተመዝግቦ ማረጋገጫ መያዝ ይኖርበታል።