አሸንፎ የተሸነፈው ፕሬዚዳንት

ሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት ከገዛ ፓርቲው ማን ይደፍረዋል? ያውም ከአራት ዓመት በፊት ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ ያፈሰውን ሊንደን ጆንሰንን! እ.ኤ.አ. ለ1968ቱ ምርጫ ሮበርት ኬኔዲ እንኳ ሲያመነታ፣ «የቬትናም ጦርነት ይብቃ» ብሎ የተነሳው ግጥም ጸሐፊው ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ነበር።

እኛን የሚገርመን የተማሪዎቹ ነገር ነው። የኒው ሃምፕሻየርን ወግ አጥባቂ መራጭ ላለማስደንገጥ ፂማቸውን ተላጭተው በብርድ ቤት ለቤት ዞሩ። (ከእኛ መሃል ለፖለቲካ ብሎ ጎፈሬውን የሚሰጥ እንጃ!) ማርች 12 በተደረገው ፕራይመሪ፣ ማለትም በፓርቲው የዕጩ መምረጫ፣ ጆንሰን 49፣ ማካርቲ 42 በመቶ ገደማ አገኙ። በቁጥር ያሸነፈው ጆንሰን ነው፤ አገሩ ግን እንደተሸነፈ ቆጠረው። በአራተኛው ቀን ኬኔዲ ውድድሩን ተቀላቀለ። ማርች 31 ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ «አልወዳደርም» አለ።

ማካርቲስ? ባዶ እጁን ቀረ። ኬኔዲ በጁን ተገደለ፤ ዕጩነቱን ቺካጎ ላይ የወሰደው አንድም ፕራይመሪ ያልተወዳደረው ምክትል ፕሬዚዳንት ሀምፍሬይ ነው። ያኔ ወሳኞቹ የፓርቲ አለቆች ነበሩና። በዚህ የተነሳው ቁጣ ዴሞክራቶችን ደንብ አስለወጣቸው፤ ከ1972 ጀምሮ ዕጩ መምረጡ በአብዛኛው ለመራጩ ሆነ። ኖቬምበር ላይ ግን ያሸነፈው ሪፐብሊካኑ ኒክሰን ነበር፤ የአሜሪካ ወታደሮችም ከቬትናም ጠቅልለው የወጡት በ1973 ነው።