ግመለኛው፣ ዋሊውና መካ ያልገባው ባቡር

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌ መንገድ አጋማሽ ገደማ ባሕራ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትሩን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚጨርስ መንገደኛ ስሟን አንብቦ ያልፋታል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በጅዳ ወደብ ከመርከብ የወረደ ሐጃጅ ባሕራ ወይም ጎረቤቷ ሐዳ ላይ ሳያርፍ መካ የሚገባው ከስንት አንዴ ነበር። ቅፍለቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጅዳ የመካ በር ይወጣል፤ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ሐሩሩ ሳይበረታ ይሰፍራል፤ ቀኑን ከቡና ቤቶቹ ዳስ ሥር አሳልፎ በሁለተኛው ሌሊት ጉዞውን ይቀጥላል።

በዚህች ማረፊያ መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ተነሡ። መካና መዲና የሚገኙባትን ሒጃዝን ማን ይግዛ? ባቡሩ መካ ይግባ ወይስ መዲና ላይ ይቅር? ባቡሩ ከገባስ የግመለኛው ልጆች ምን ይበላሉ? ዛሬ ምርጫ ባለበት አገር ሁሉ እጩ ገዢዎች የሚጠየቁት ይኸው ነው። የሒጃዙ ክርክር ልዩነቱ ያለ ምርጫ ሣጥን መካሄዱ ነው።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የግመሉን ኪራይ ማየት ያስፈልጋል። ሐጃጁ የሚጓዘው «ሹግዱፍ» በሚባል፣ በግመሉ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠል፣ ከላይ በሰሌን በተከደነ የእንጨት መቀመጫ ነው። አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይሆናል። የሁለቱ ክብደት ካልተመጣጠነ ሹግዱፉ ወዳንዱ ወገን ያጋድላልና ቀለል ያለው ሰው በተቀመጠበት በኩል ዕቃ ይጫናል። እንዲህ ተመዛዝነው ሌሊቱን ሲወዘወዙ ከሚያድሩት ሁለት ሰዎች ኪራይ ስንቱ ይተዳደር ነበር! የግመሉ ባለቤት አለ። ነጂው አለ። ግመልና ሐጃጅ የሚያገናኘው ደላላ አለ። እንግዳውን ተቀብሎ ሥርዓቱን የሚያስፈጽመው ሙተውዊፍ አለ። ውኃ ሻጩ፣ ባለ ቡና ቤቱ፣ መኖና ማገዶ አቅራቢው አሉ። ከዚያ ከፍ ሲልም በመካ የተቀመጡት ሹማምንት ከዚያው ኪራይ ድርሻቸውን ያነሡ ነበር።

በረሃውን የያዙት ጎሳዎች ደግሞ ሌላ ገቢ ነበራቸው። የኦቶማን መንግሥት ቅፍለቶች በሰላም እንዲያልፉ በየዓመቱ «ሱራ» የሚባል ገንዘብ ይከፍላቸዋል። ክፍያው ሲዘገይ ወይም ሲቀነስ መንገዱ ይዘጋል። በኢስታንቡል ቋንቋ ይህ ሽፍትነት ነው። እኔ ግን ሽፍትነት ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። እርሻ በማይበቅልበት አገር መንገዱ ራሱ እርሻ ነበር፤ ሰዎቹ የሚጠብቁትም ማሳቸውን ነበር።

መካ በዚያ ዘመን ሁለት ጌቶች ነበሯት። አንደኛው ከነቢዩ ቤተሰብ የሚወለደው ሸሪፍ፣ የመካ አሚር የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከኢስታንቡል ተሹሞ የሚመጣው ዋሊ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ ገዢ ነው። የሥልጣናቸው ወሰን በግልጽ አልተሰመረም። ዋሊው ጦሩንና የመንግሥቱን መዝገብ ይይዛል፤ አሚሩ ጎሳዎቹን ይይዛል። አንዱ ሲበረታ ሌላው ይዳከማል፤ ሲስማሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚስማሙት በሐጃጁ ኪስ ላይ ነበር።

ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ በ1900 ከደማስቆ ወደ ቅዱሳኑ ከተሞች የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንደሚሠራ አወጁ። ገንዘቡ ከአውሮፓ ባንክ አልተበደረም፤ ከዓለም ሙስሊሞች በመዋጮ ተሰበሰበ፣ ከመንግሥት ሠራተኛውም ደመወዝ ተቆረጠ። ዋና መሐንዲሱ ማይስነር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሊገባበት ወደማይገባው የመዲና ክልል ሲቃረብ ሥራውን ሙስሊም መሐንዲሶች ተረከቡ። 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐዲድ በ1908 መዲና ገባ። ከደማስቆ በግመል አርባ ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው መንገድ የጥቂት ቀናት ጉዞ ሆነ። ለደካማና ለሽማግሌ ሐጃጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም።

አንድ ነገር ግን ተዘለለ። ሐዲዱን በአብዛኛው የዘረጋው የኦቶማን ወታደር ነበር። ለመንግሥቱ ርካሽ ጉልበት ስለነበር ቁጠባው ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ምክንያት ባቡሩ በሚያልፍበት አገር የሚኖረው በደዊን ከሥራው ደመወዝ የለመደ፣ «ይህ የእኔም ነው» የሚል ሰው አልሆነም። የሚያውቀው ባቡር የግመሉን ኪራይ የሚወስድበት፣ ወታደር ጭኖ የሚመጣበት ባቡር ነበር። ሐዲዱ ወደ መዲና ሲጠጋ የሐርብ ጎሳ ሰዎች በ1908 ጥቃት መሰንዘራቸው ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚያው ዓመት ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በሐምሌ በኢስታንቡል ሕገ መንግሥቱ ተመለሰ፤ በኅዳር ሑሴን ኢብን ዐሊ የመካ አሚር ሆነው ተሾሙ። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የፓርላማ ምርጫ መጣ፤ የአሚሩ ልጅ ዐብደላ፣ በኋላ የዮርዳኖስ ንጉሥ የሆነው፣ የመካ እንደራሴ ሆኖ ኢስታንቡል ተቀመጠ። የምርጫው ሥርዓት ሁለት እርከን ነበረው፤ ሕዝቡ መራጮችን ይመርጣል፣ መራጮቹ እንደራሴውን ይመርጣሉ። እንዲህ ያለው ሥርዓት ለከተማ ታላላቆች የሚመች ነበር። ባሕራ ላይ ግመሉን አስተኝቶ ማንሻ ሰዓቱን የሚጠብቀው ሰው ስለ ባቡሩ የሚናገርበት ወንበር አልነበረውም። የነበረው መንገዱ ነው፤ ሲከፋውም መንገዱን ይዘጋል።

በኢስታንቡል የተቀመጡት አዲሶቹ ገዢዎች፣ የአንድነትና እድገት ኮሚቴ ሰዎች፣ ሒጃዝን እንደ ማንኛውም ክፍለ ሀገር ከማዕከል መግዛት ፈለጉ። ሐዲዱን ከመዲና ወደ መካ፣ ከመካም ወደ ጅዳ መዘርጋት የዚህ ዕቅድ የጀርባ አጥንት ነበር። በ1914 መጀመሪያ ወሂብ ቤይ የተባለ መኮንን ዋሊም የጦር አዛዥም ሆኖ ከተጨማሪ ጦር ጋር መጣ። አዲሱን የክፍለ ሀገር አስተዳደር ሕግ እንዲያስፈጽምና ለባቡሩ መንገድ እንዲጠርግ ነበር የተላከው።

የተከተለው ፈጣን ነበር። ጎሳዎቹ ተነሡ፤ በጅዳና በመካ መካከል ያለው መንገድ ተቆረጠ። መካ እህል አታበቅልም፤ የምትበላው ከጅዳ በግመል የሚመጣላትን ነው። ቅፍለቱ ሲቆም ዋጋው ናረ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። የከተማው ነጋዴ፣ የመስጊዱ ሼህ፣ ሙተውዊፉና በረሃኛው፣ በሌላ ጊዜ የማይስማሙት ሁሉ፣ ለየራሳቸው ምክንያት በአንድ ወገን ቆሙ። አሚር ሑሴን ከጀርባ እንደነበሩበት ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ቢሆንም አሚር የሌለን ብሶት አይፈጥርም፤ ያለውን ያቀጣጥላል። በመጋቢት ታላቁ ቪዚር ሰዒድ ሐሊም ፓሻ የአሚሩ የቆየ መብት እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ቴሌግራም ላኩ፤ የባቡሩም ጉዳይ ለጊዜው ተተወ።

ስለ ጥቅም መነጋገር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዐብደላ በማስታወሻው እንደተረከው፣ ኢስታንቡል ባቡሩ እንዲያልፍ ለአሚሩ የባቡሩን ገቢ አንድ ሦስተኛ፣ ለጎሳዎቹ የሚከፋፈል ዳጎስ ያለ ገንዘብና አሚርነቱ ለልጆቹ እንዲተላለፍ ቃል አቀረበ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለአሚሩ አለ፣ ለጎሳ አለቆች አለ። ለግመለኛው የሥራ ቦታ ግን አይታይም። በየጣቢያው ጠባቂ፣ ጫኝ፣ ውኃ ቀጂ፣ የሐዲድ ጠጋኝ ያስፈልግ ነበር፤ ከጣቢያው እስከ ሐጃጁ ማደሪያ የሚያደርስ ግመልም ያስፈልግ ነበር። ይህ ከ1900 ጀምሮ፣ አንድ ሐዲድ ሳይነጠፍ፣ ሊወራ የሚገባው ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ መንገድ ከተዘጋና ደም ከፈሰሰ በኋላ ለአለቆች የሚቀርብ ገንዘብ ሌላ ስም አለው።

ነገሩ ሳይቋጭ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሑሴን ሰኔ 1916 በኦቶማን ላይ ተነሡ፤ ከመዲና በላይ ያለው ሐዲድ በፈንጂ ይበጣጠስ ጀመር። መዲናን ይከላከል የነበረው ፋኽሪ ፓሻ እጁን የሰጠው በጥር 1919 ነው። ባቡሩ መካን ሳያይ ቀረ።

ግመለኛው ግን በዚህ አላተረፈም። የነጅዱ ገዢ ኢብን ሳዑድ በ1924 መካን ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ጅዳን ከብቦ ሳለ ሰፈሩ በባሕራ አካባቢ ነበር። የእንግሊዙ ልዑክ ጊልበርት ክሌይተን እዚያ ድረስ መጥቶ ኅዳር 1 ቀን 1925 የባሕራን፣ በማግስቱ የሐዳን ስምምነት ተፈራረሙ፤ የመጀመሪያው ከኢራቅ፣ ሁለተኛው ከትራንስዮርዳኖስ ጋር ያለውን ጉዳይ የሚመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የግመሉ ዕጣ የተቆረጠው። ከ1926 በኋላ አውቶሞቢል በጅዳና በመካ መንገድ ላይ በረከተ፤ ሐጃጁም ሁለት ሌሊት ሲወዘወዝ ከማደር በሰዓታት መድረስን መረጠ። ባቡሩን አናስገባም ያሉት ሰዎች መኪናውን የሚያቆሙበት ጉልበት አልነበራቸውም፤ መንገድ መዝጋት በአዲሱ መንግሥት ዘንድ የሚያስከፍለው ዋጋ ሌላ ነበር። ሱራውም ኪራዩም አብረው ሄዱ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፤ የሐረር ተራራ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ የጥንቷ የንግድ ከተማ ወደ ጎን ተተወች። ከዘይላና ከጅቡቲ ወደ ሐረር በግመል ይመላለስ የነበረው የሲራራ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ባቡሩ ዞረ። ግመል ያከራዩ የነበሩት ኢሳዎች ሐዲዱ ሲሠራ ተቃውመዋል፤ የደረሰው ግጭትም በታሪክ ተመዝግቧል። ድሬዳዋ በበኩሏ በባቡሩ ተወልዳ በባቡሩ አደገች። የጥገና ፋብሪካው ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ የሐዲድ ሠራተኛው ሰፈር፣ ገበያው፣ ኮንትሮባንዱ ሳይቀር የባቡሩን ሰዓት ይከተል ነበር። የሐረር ነጋዴ ያጣው ለድሬዳዋ ሠራተኛ ሆነ። ትርፍና ኪሳራው በአንድ ሰው ቤት አለመግባቱ ነው የባቡርን ክርክር ሁልጊዜ የሚያከረው።

ወደ መካው መንገድ ስንመለስ፣ ባቡሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጥቷል። ኅዳር 2010 በሚና፣ በሙዝደሊፋና በዐረፋት መካከል 18 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የመሻዒር ሜትሮ ለሐጅ ሰሞን አገልግሎት ጀመረ። ከዚያም የሐረመይን ፈጣን ባቡር፣ መካን፣ ጅዳንና መዲናን የሚያገናኘው 450 ኪሎ ሜትር መስመር፣ በመስከረም 2018 ተመረቀ። ሠላሳ አምስቱ ባቡሮች የስፔን ሥሪት ሲሆኑ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይከንፋሉ። የሱልጣኑ ሐዲድ ያልሞላው የመካና የመዲና ክፍተት ተሞላ ማለት ነው፤ ከደማስቆ ሳይሆን ከጅዳ በኩል። በጅዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለዑምራ ይሳፈሩበታል። ጣቢያዎቹ በመካ፣ በጅዳ፣ በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በንጉሥ ዐብደላ የኢኮኖሚ ከተማና በመዲና ናቸው። ባሕራ ጣቢያ የላትም።

የመካ ክልል ገዢ ዛሬም በምርጫ አይመጣም፤ የሚሾመው ንጉሡ ነው። የሳዑዲ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤቶች ነው፤ በ2005፣ በ2011ና በ2015። ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ፣ ተወዳደሩም። በዚያ ቀን ካሸነፉት አንዷ ሳልማ ቢንት ሒዛብ አል ዑተይቢ በመካ ክልል መድረካ በምትባል ቦታ የተመረጠች ናት። ምክር ቤቶቹን ይመለከታቸው የነበረው መንገድ፣ መናፈሻ፣ ጽዳትና የመሳሰለው ነው፤ ባቡር የት ይቁም፣ ማን ይቀጠር የሚለው ከእነርሱ ጠረጴዛ አይደርስም ነበር።

የሥራው ጥያቄ ግን ራሱ ፈንቅሎ ወጣ። በ2022 መጀመሪያ የፈጣኑ ባቡር ኩባንያ ሴት ባቡር ነጂዎችን ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ክፍት ቦታው 30 ነበር፤ ያመለከቱት 28 ሺህ ናቸው። ለአንድ ወንበር ከዘጠኝ መቶ በላይ ሴቶች ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ሠልጣኞቹ ተመርቀው በመካና በመዲና መካከል ወደ መሪ ክፍሉ ገቡ። በእኛም በኩል በአዲስ አበባና በጅቡቲ መስመር ላይ የቻይና ኩባንያዎች ለዓመታት የያዙት የማሽከርከርና የአስተዳደር ሥራ በ2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ወሂብ ቤይ ጦር ይዞ በመጣ ጊዜ ለባሕራው ግመለኛ ያልቀረበለት ይኸው ወንበር ነበር፤ ለ28 ሺህ አመልካቾች ሠላሳ ቦታ ብቻ መከፈቱም ወንበሩ ዛሬም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይነግረናል።