ዳሞታ ተራራ

ዳሞታ ከወላይታ ሶዶ ከተማ በላይ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር የሚደርስ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የቆመ ሲሆን፣ አካሉ በአብዛኛው ትራካይት ከተባለ፣ ሲሊካ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራ ነው። የዐለቱ ዕድሜ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ጎርፍና ዝናብ ጎኖቹን ሸርሽረው ሸንተረር በሸንተረር አድርገዋቸዋል፤ ስለዚህ ንቁ ከሚባሉት ተራሮች ተርታ ማሰለፉ አያስኬድም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ በተራራው ተዳፋት ካለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ የሚመነጭ ነው። በክረምት ፏፏቴ በአፉ ላይ በሚወርድበት በዚህ መጠለያ፣ ወደ 50,000 ዓመት ዕድሜ ባለው ደለል ውስጥ የሰው የድንጋይ መሣሪያዎችና የእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርበው ተገኝተዋል። አመዱ ዳሞታ በቅርቡ መፈንዳቱን ያሳያል ሊባል ይችላል። ሆኖም የአመዱ ዕድሜ ከተራራው ዐለት በሚሊዮኖች ዓመታት ያንሳል፤ አመድ ደግሞ በነፋስ ሩቅ ይጓዛል። ምንጩን ከዳሞታ ይልቅ በስምጥ ሸለቆው ወለል ካሉት ወጣት እሳተ ገሞራዎች መፈለግ ይበልጥ ያሳምናል። በወላይታ ምድር ዱጉና ፋንጎና የሆቢቻ ካልዴራ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ከሐዋሳ በስተሰሜን ያለው ኮርቤቲ ከእነዚህ ይመደባሉ። በቢላቴ አካባቢ ያሉት ፍል ውኃዎችም ቢሆኑ ሙቀቱ ከሸለቆው ሥር መኖሩን እንጂ የዳሞታን ንቃት አያረጋግጡም። የዋሻው ሰዎች መሣሪያ የቀረጹበት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት፣ ኦብሲዲያን፣ ራሱ የዚሁ አካባቢ ፍንዳታዎች ውጤት ነው።