የዘንግ መላወሻ፦ የቮልስ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

መካኒኩ "የቮልሷ ሞተር አብቅቶለታል" ያለ ቀን ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ "አውርደህ አሳድሰው፣ የራሷን ሞተር የሚያህል አታገኝም" ይላል። ሌላው "ለቶርኖ ቤት ከምትገብር ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ተገላገል" ይላል። ሁለቱም እንደ ሁኔታው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር እጅ አንዱን የምታህል መጠን ናት፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ እሷ ሳትለካ ገንዘቡ ይከፈላል። በእንግሊዝኛ ኤንድ ፕሌይ ትባላለች። በአማርኛ የዘንግ መላወሻ ብንላት ደህና ይገልጻታል።

ዘንጉ ክራንክ ሻፍቱ ነው። ፒስተኖቹ ወዲያና ወዲህ ሲሉ እሱ ይዞራል፤ ኃይሉንም በቮላኖው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ በሚቀመጥበት ከባድ ጎማ በኩል፣ ለካምቢዮው ያስተላልፋል። ሥራው መዞር ቢሆንም ወደ ጫፎቹ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ትንሽ የመንሸራተት ነፃነት ያስፈልገዋል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በሚነካኩት ብረቶች መሀልም የዘይት ስስ ሽፋን መግባት አለበት። ጭራሽ መላወሻ ያጣ ዘንግ ይነክሳል። መላወሻው የበዛ ዘንግ ደግሞ በዞረ ቁጥር ብሎኩን ከውስጥ ይቀጠቅጠዋል። ቃሉን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ "ልልነት" ብንለው ጉድለትን ብቻ ያመለክታል፣ "መላወሻ" ግን ልክ ያለውን፣ የተፈቀደውን ቦታ ይናገራል።

በቮልስ ሞተር ይህ ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ያለቀ የሚባልበት ወሰን 0.15 ነው።

ይህች ቁጥር በሌላ መኪና ላይ ከብዙዎቹ ልኬቶች አንዷ ብቻ ናት። በቮልስ ላይ ግን የዳኛውን ወንበር ይዛለች፤ ምክንያቱም ሞተሩ የተሠራበት መንገድ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻ ተሠርተው ብሎኩ ላይ ይሰካሉ እንጂ ከብሎኩ ጋር አንድ ወጥ አይደሉም። የሚያጨስ ሞተር ፋሻው አልቆ ከሆነ ቴስታታውን አንስቶ፣ ሲሊንደሩን ከነፒስተኑ ነቅሎ፣ አዲስ ስብስብ መግጠም ይቻላል፤ ብሎኩ ሳይከፈት። ቫልቭ ቢቃጠል ቴስታታው ይጠገናል ወይም ይለወጣል። ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ቢላጥ ተሞርዶ አነስ ያለ ኩሽኔታ ይገባለታል። ሁሉም ተለዋጭ ነው። ብቻውን የሚቀረው ከማግኒዥየም ቅይጥ የተቀለጠው፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የሚገጣጠመው ብሎክ ነው። ማግኒዥየም ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ነው። ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡበት አልጋ በረጅም ዘመን ምት ይሰፋል። "ይታደስ ወይስ ይቀየር?" የሚለው ጥያቄ በዚህ ሞተር ላይ "ብሎኩ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?" ከሚለው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ በጭስ መደንገጥ አይገባም። ሰማያዊ ጭስ ብዙውን ጊዜ ፋሻን ወይም የቫልቭ ማለፊያን ይከሳል፤ ሁለቱም ከብሎኩ ውጭ ናቸው። የኮምፕሬሽን ልኬትም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። በመጽሐፎች ላይ ያሉት ቁጥሮች ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 6 ባር ገደማ ቢያሳይ በሽታ የለበትም። ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ይታይ። ሦስተኛው ብቻ ዝቅ ካለ የድሮ ታሪክ ነው፤ በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በዚያ ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ስለነበር የሦስተኛው ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። እሱም የቴስታታ ሥራ ነው።

መላወሻውን ለመፈተሽ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ ይጥፋ። የኋላውን ክዳን ሲከፍቱት ከታች በኩል ፊት ለፊት የሚታየው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ትልቁ ፑሊ ከክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ጋር የታሰረ ነው። በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ መግፋት። ጤነኛ ሞተር ላይ እጅ ምንም አይሰማውም ማለት ይቻላል፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። "ቋ" የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ፑሊው ሲመጣና ሲመለስ በዓይን ከታየ፣ ልኩ ከታለፈ ቆይቷል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ የሞተርን ጩኸት መሸሸግ ይቻላል፤ ይህን ግን ዘይት አይሸሽገውም። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ዳያል ጌጅ አስደግፎ በመለካት ነው፤ ደህና ቶርኖ ቤት ሁሉ አለው።

መላወሻው በዛ ማለት ወዲያው ብሎኩ ሞተ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚቸኩሉ መካኒኮች አሉ። ልኩ የሚወሰነው በቮላኖውና በመጀመሪያው ኩሽኔታ መሀል በሚገቡ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ነው። ውፍረታቸው ስለሚለያይ እየመረጡ በማጣመር መላወሻው ይስተካከላል። ሮንዴላዎቹ ወይም የኩሽኔታው ፊት ብቻ ከተበላ ሥራው ትንሽ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች የሚለየው ሌላው አቅጣጫ ነው፤ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅም ከተላወሰ፣ ኩሽኔታው አልጋው ውስጥ ላልቷል፣ ብሎኩ መከፈት አለበት።

የተከፈተ ብሎክ የኩሽኔታዎቹ አልጋ በአንድ መስመር ተስተካክሎ ይቦረቦርና የውጭ ልካቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የበለጠ ኩሽኔታዎች ይገቡበታል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሆን አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብረት ስለሚሳሳ እኔ ለብሎኩ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም፤ ሌላ ሞተር መፈለጊያው ያኔ ነው። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተቦረቦረ ለማወቅ የወጣውን ኩሽኔታ ጀርባ ማየት ነው፤ ልኩ ተመቶበታል።

ሌላ ሞተር ሲገዛም ያው ፑሊ መጀመሪያ ይያዝ፤ ሻጩ አስነስቶ ከማሰማቱ በፊት። በተጨማሪ ኤሌክትሪኩ ይጠየቅ። ባለ 6 ቮልትና ባለ 12 ቮልት ቮልሶች የቮላኗቸው ስፋትና የጥርሱ ብዛት፣ 109 እና 130፣ ስለሚለያይ ባለ 12 ቮልቱ በባለ 6 ቮልቱ ካምቢዮ ላይ ቤቱ ሳይሞረድ አይገባም። ከሁሉም በላይ የሞተሩ ቁጥር የተመታው ብሎኩ ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ሊብሬ ላይ ያለውም እሱ ነው። ብሎኩ ከተረፈ መኪናዋ በወረቀትም በአካልም ያችው ናት፤ ከተቀየረ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ማስመዝገብ ግድ ይላል፣ ይህን ያላደረገ ሰው መኪናዋን የሚሸጥ ቀን ይቸገራል።

ወደ እድሳቱ እንደማደላ አልደብቅም። በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጣች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችን ያሉት ብሎኮች አይጨመሩም። የተረፈ ሁሉ ቢተርፍ እወዳለሁ።

የሚያተርፈው አነዳድም አለ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ቮላኖው ዘንጉን ወደ ፑሊው በኩል ይገፋዋል፤ ግፊቱን የሚሸከሙት እነዚያው ሮንዴላዎችና የመጀመሪያው ኩሽኔታ ናቸው። መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ መቆየት መላወሻውን በየቀኑ ያሰፋዋል። ወደ ነጻ መልሶ እግርን ማንሳት ነው። ሞተሩ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ የሚይዝ፣ ከወንፊት በቀር ማጣሪያ የሌለው ስለሆነ ዘይቱም በየ5000 ኪሎ ሜትር ይቀየር።

ሞተሩ ታድሶ ሲመለስ ደግሞ ቶርኖ ቤቱ ሁለት ቁጥሮች በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ይጠየቅ፦ የተተወለትን የዘንግ መላወሻና የገቡትን ኩሽኔታዎች የውጭ ልክ። ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ ሞተሩን ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ይፈልገዋል።