በሦስት አገር ስም የወጣው የጅቡቲ አሉሚኒየም ፍራንክ

የሳንቲም ዋጋ በተሠራበት ማዕድን ይለካል ተብሎ ቢታሰብም፣ በጅቡቲ ከተማ ሲዘዋወሩ የኖሩት የ1፣ የ2 እና የ5 ፍራንክ አሉሚኒየም ሳንቲሞች ከ4 ግራም በታች የሚመዝኑ በመሆናቸው ቀልጠው ቢሸጡ የሚያወጡት ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው ስለ ተጻፈባቸው ስም፣ ስለ ዘመናቸውና ስለ ይዞታቸው ነው።

አሉሚኒየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ብርቅ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኤሌክትሪክ የሚመረትበት ዘዴ ከተገኘ በኋላ ረከሰ። እንግሊዞች በ1907 ለምሥራቅ አፍሪካና ለዩጋንዳ ባለ 1 ሳንቲም፣ ለምዕራብ አፍሪካ ደግሞ የፔኒ አንድ አሥረኛ የሆነ ያልተለመደ መጠን ከዚህ ማዕድን ቢያወጡም፣ የአካባቢው አየር ስለ በላቸው ወዲያው በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ለመተካት ተገደዋል።

ፈረንሳይን ይህ ልምድ አላገዳትም። የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት በ1948 ለቅኝ ግዛቶቿ ያዘጋጀው የአሉሚኒየም ተከታታይ ለጅቡቲም የደረሰ ሲሆን፣ በአንድ ገጹ ቀራጩ ሉሲየን ባዞር ያዘጋጀው የማሪያን፣ ማለትም የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ምልክት የሆነችው ሴት ምስል፣ በሌላው ገጹ የቀንዳም የሜዳ እንስሳ ራስ ይታያል። የሚገርመው፣ የጅቡቲ ፍራንክ ራሱን የቻለ ገንዘብ ሆኖ ከዶላር ጋር የተቆራኘው በመጋቢት 1949 በመሆኑ፣ ሳንቲሙ የተሸከመው ዓመት ከገንዘቡ ልደት የሚቀድም መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ እንስሳው ሳይነካ ጽሑፉ ብቻ ሲቀያየር ይታያል፤ የ1948ቱ በወቅቱ የግዛቱ ስም ከነበረው «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» ጋር «የፈረንሳይ ኅብረት» የሚል ሲጨምር፣ ኅብረቱ በ1958 በማክተሙ የ1959ኙ ይህን ትቷል፤ በ1967 ግዛቱ «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ሲባል አዲሱ ስም በሳንቲሙ ላይ ሰፈረ፤ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻነት ሲታወጅ ደግሞ የጅቡቲ ሪፐብሊክ ዓርማ ማሪያንን ተካ። መካከለኛው ስም ዕድሜው 10 ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ የአንድ አገር ስም ለአንድ ሳንቲም በሚል ደንብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚፈልጉት በተለይ እሱን ነው። ልምድ ያለው ዓይን ከዓመቱ አጠገብ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶችም ይመረምራል፤ በ1948ቱ የባዞር ክንፍ፣ በ1959ኙ የሬሞን ዦሊ ጉጉት፣ ከ1974 በኋላ በታተሙት የኤሚል ሩሶ ዶልፊን ይገኛሉ፤ እነዚህ የየዘመኑ ዋና ቀራጭ መለያዎች ናቸው።

ኢትዮጵያም ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ በ1969 ዓ.ም.፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያለባትን ባለ 1 ሳንቲም ከአሉሚኒየም አሳትማለች፤ በእነዚህ ሁለት ጎረቤት አገሮች ሳንቲሞች ላይ ስብስብ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ዋጋን በእጅጉ የሚወስነው ይዞታ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በኪስ ውስጥ በቀላሉ ይጫራል፤ አየር ሲነካው የሚያወጣው ስስ ሽፋን ቢጠብቀውም፣ እንደ ጅቡቲው ያለ ጨዋማ የወደብ አየር ሽፋኑን እየሰበረ ነጭ ዱቄትና ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥርበታል። የዛገ መስሎት በማጽጃ የሚፈትግ ባለቤት የሕትመቱን የመጀመሪያ ንጣት ስለሚያጠፋ ሳንቲሙን ከፊት እሴቱ ብዙም ከፍ ወደማይል ዋጋ ያወርደዋል፤ የ5 ፍራንክ የፊት እሴት ደግሞ 1 ዶላር በ177.721 ፍራንክ በሚመነዘርበት የ1973 ተመን ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ነው።