ግዕዛናዊ፦ ስለ ሊበርታሪያን ማኅበርና ለከተማ ሕዝብ ድምፅ ስለሚቀርብ ረቂቅ

በመስቀጥ አውራጃ በሲብ ወረዳ ያለችው አል ሙዋሌህ በማዕከላዊ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያዋ ለብዙ ዘመን ስትታወቅ የኖረች ሰፈር ናት። ያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ ባርካ፣ ኻዛኢን ወደ ተባለው ስፍራ ሲዛወር፣ ውሳኔው ከመንግሥትና ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ነበርና፣ ከነዋሪው መካከል «ይዛወር» ወይም «ይቅር» ብሎ ድምፅ የሰጠ አልነበረም። የዖማን ዜጎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባላትን ይመርጣሉ፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን በአገሩ የለም፤ የሚመረጠውም ሰው ነው እንጂ ጉዳዩ አይደለም። እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ካሉት ዘመዶቻችን ጋር በስልክ ስንጨዋወት ጉዳዩ ራሱ በመራጭ ፊት ስለሚቆምበት ሥርዓትና «ሊበርታሪያን» ስለሚባሉ ሰዎች እየሰማን፣ ቃሉን በአማርኛ የምንጠራበት ስም ስላጣን፣ ይህን ማብራሪያ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ሊበርታሪያን የሚባለው፣ ሰው በአካሉ፣ በኅሊናውና በድካሙ ፍሬ ላይ ባለሙሉ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ መንግሥት አንዱ በሌላው ላይ ግፍ እንዳይሠራ ከመጠበቅ አልፎ በኑሮውና በንብረቱ ሊገባበት አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1857 በፈረንሳይኛ ለራሱ መጠሪያ ያደረገው ዦዜፍ ዴዣክ የግል ንብረትን ጭምር የሚቃወም ሥርዓተ አልበኛ ነበር፤ በአሜሪካ ግን ስሙ የነጻ ገበያ ወገኖች ሆነና በ1971 በኮሎራዶ በስሙ ፓርቲ ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ያቀረባት ቶኒ ኔታን ከመራጭ ወኪሎች የአንዱን ድምፅ በማግኘቷ በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆናለች። ይሁን እንጂ ፓርቲው በ2016ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ እንኳ ከጠቅላላው ድምፅ ከመቶ ከሦስት እጅ ጥቂት የሚበልጥ ነው ያገኘው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ነጻ አውጪ» እንዳንል ቃሉን ጠመንጃ ያነሡ ግንባሮች ወስደውታል፤ «ሊበራል» እንዳንል ሌላ ወገን ነው፤ በኢሕአዴግ ዘመንም «ኒዮ ሊበራል» የሚለው ስም እንደ ነቀፋ ሲነገር በመኖሩ በጆሯችን ሻክሯል። እኔ የማቀርበው «ግዕዛናዊ» የሚለውን ነው። ግዕዛን በግእዝ ነጻነት ማለት ሲሆን፣ ካህናቱ በትንሣኤ ሌሊት የአዳምን ከግዞት መውጣት የሚያበስሩበት «አግዐዘ» የሚለው ግስ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሕይወት የሌለውን ነገር «ግዑዝ» ስለምንል አንባቢ እንዳይደናገር በፊደሉ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቢሆንም ከባዕድ ቃል ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሰው ጆሮ የሚያውቀው ይሻላል እላለሁ።

የግዕዛናውያን ሥራ ጎልቶ የሚታየው ሥልጣን በሚያዝበት ምርጫ ሳይሆን፣ በሳን ፍራንሲስኮ እንደምናየው፣ ለከተማው ሕዝብ ውሳኔ ረቂቅ በሚቀርብበት ጊዜ ነው። በዚያች ከተማ የምርጫው ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ የተመዘገበ መራጭ መጽሐፈ መረጃ በየቤቱ ይልክለታል። በፊደል እየተሰየመ በሚቀርበው በያንዳንዱ ረቂቅ ሥር በመጀመሪያ አንድ ኮሚቴ ማንም እንዲረዳው አቅልሎ የጻፈው መግለጫ፣ ቀጥሎ የከተማው የሒሳብ ሹም ስለ ወጪው የሰጠው ቃል፣ ከዚያም የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር ይታተማል። ተቃዋሚ ሆኖ ለመጻፍ የሚያመለክቱት በርክተው በማዕርግ ሲተካከሉ በዕጣ ይለያሉ። የከተማው ግዕዛናውያን ማኅበር ምክር ቤቱንና ከንቲባውን የማሸነፍ ተስፋ ባይኖረውም በዚህች ገጽ ላይ ተቃውሞውን ሲጽፍ ቆይቷል፤ በተለይ የቦንድ ብድር ሲቀርብ፣ ዕዳው በቤትና በመሬት ግብር እንደሚከፈል እያሳሰበ «አይሆንም» ይላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት መሠረት እንዲህ ያለው ብድር የሚጸድቀው ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ነውና፣ በከተማውም ደንብ ባለቤቱ ከጭማሪው ግብር እኩሌታውን በተከራዩ ላይ ሊጥል ይችላልና፣ ቤት የሌለው መራጭ ጭምር ያስብበት ዘንድ ይገባል።

እኔ ግዕዛናውያን ስለ ሕዝብ ሆስፒታልና ስለ ድኻ መጠለያ የሚሉትን ሁሉ አልቀበልም፤ ኪሱ ባዶ ለሆነ ሕመምተኛ የገበያ ነጻነት ብቻውን መድኃኒት አይሆነውምና። የማከብረው ግን፣ አሸናፊው ወገን ገንዘብና ሹም ሁሉ ከጎኑ ሳለ፣ ጥቂቶች በጽሑፍ ያቀረቡት ምክንያተ ተቃውሞ በአንድ መጽሐፍ ከደጋፊው ጋር ጎን ለጎን ታትሞ በመራጩ እጅ መግባቱን ነው። በአገራችን ሕዝበ ውሳኔ አዲስ አይደለም፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጌዴኦንና ሌሎችን የያዘው የደቡብ ክፍል ድምፅ ሰጥተዋል። ጥያቄው ግን በሁለቱም ጊዜ የክልልነት ጥያቄ ነበር። መንገድ ሲሰፋ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲታቀድ፣ ወጪውና ጥቅሙ ተጽፎ ለነዋሪው ድምፅ አልቀረበም፤ ይህ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ወገኖቻችን ግን በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ይህን ዐይነት ረቂቅ በቅርብ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኢኒሼቲቭ 82» በተባለው ረቂቅ፣ በጉርሻ የሚሠሩ አስተናጋጆች ከአሠሪያቸው በሰዓት የሚያገኙት ዝቅተኛ ደመወዝ ከ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተነሥቶ፣ ያን ጊዜ 16 ዶላር ከ10 ሳንቲም ከነበረው ከሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ጋር በየዓመቱ እየጨመረ እንዲተካከል ተጠየቀ፤ ከመራጩ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ተስማማ። በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው ጎዳና ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ባለቤቱም አስተናጋጇም ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ እርሱ የኪራዩንና የጤፉን ዋጋ እያሰላ፣ እርሷ በቀዘቀዘው ቀን ጉርሻ ሳታገኝ የምትገባበትን ሌሊት እያሰበች፣ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ፊት ቆሙ። በግዕዛናዊ ትምህርት ቢታይ ደመወዝ የሁለት ሰዎች ውል ነውና ሕግ አይግባበት ይባላል፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ኑሮን በእንግዳ ቸርነት ላይ ማንጠልጠል ግፍ ነው አሉ። ስለዚሁ ጉዳይ በ2018 የጸደቀውን ቀዳሚውን ረቂቅ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሽሮት ነበር፤ የኋለኛውንም በ2025 አሻሽሎታል። በከተማይቱ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚተረጐምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ክርክር በአማርኛ የሚያቀርብ ተርጓሚ «ሊበርታሪያን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ «ግዕዛናዊ» ብሎ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።