በኢንዱስትሪ፣ በምርምርና በማስተማር፦ ጄላኒ ኔልሰን

መስቀል ፍላወር አካባቢ በሶፍትዌር ሥራ የተሰማሩ ወዳጆቼ ‹‹ማስተማር ከሥራ ያዘገያል›› ሲሉኝ የምጠቅስላቸው ፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰንን ነው። እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኤም.አይ.ቲ. የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በሃርቫርድ፣ ከ2019 ጀምሮም በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በጉግል ኩባንያም በተመራማሪነት ሠርተዋል።

ከምርምር ጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ነው፦ አንድን ድረ ገጽ ስንት የተለያዩ ሰዎች ጎበኙት? ሁሉንም መዝግቦ መቁጠር ብዙ ሜሞሪ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዳንኤል ኬንና ከዴቪድ ውድረፍ ጋር ያቀረቡት አልጎሪዝም ግን ዝርዝሩን ሳያስቀምጥ፣ በጥቂት ሜሞሪ ብቻ ለእውነተኛው ቁጥር የቀረበ ግምት ይሰጣል። ብዙ ደንበኛ ያለው ኩባንያ ውስጥ የሠራ ሰው ጥቅሙ አይጠፋውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ዶክትሬታቸውን ባገኙበት በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ላይ ‹‹አዲስኮደር››ን መጀመራቸው ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ተማሪም ከፕሮግራም አጻጻፍ ተነስቶ እስከ አልጎሪዝም ይማራል። ከተማሪዎቹ ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. የገቡ አሉ። ትምህርቱ አራት ሳምንት ነው፤ ወዳጆቼ የሚወስዱት የዓመት ፈቃድም ከዚህ ብዙ አያንስም! እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በዚሁ አርአያ ‹‹ጃምኮደርስ›› በጃማይካ ተጀመረ።